ቀላሉ ወይስ ከባዱ? ለምዕራብ ጎጃም የገጠር መንገድ ፒክአፕ ስለ መምረጥ

(ለሕዝብ ክፍት በነበረ ትምህርታዊ ገለጻ የቀረበ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ ከመጽሐፍ የተነሣ ሳይሆን ከደጃፌ የመጣ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በጃቢ ጠህናን ወረዳ ከሚገኝ አንድ አነስተኛ የገበሬዎች ማኅበር ሦስት ሽማግሌዎች ቢሮዬ መጡ። ማኅበሩ ከበቆሎና ከበርበሬ ሽያጭ ለዓመታት ያጠራቀመው ገንዘብ ነበረው። በዚያ ገንዘብ አንድ ፒክአፕ ሊገዙ አስበው አባላቱ በሁለት ተከፍለዋል። ገሚሱ «ከባዱ ይሁን፤ ለአገራችን መንገድ የሚሆነው እሱ ነው» ይላል። ገሚሱ ደግሞ «ቀላሉ ይበቃናል፤ የተረፈው ገንዘብ ለሌላ ይሁን» ይላል። ከሽማግሌዎቹ አንደኛው «ዶክተር፣ ስለ መኪና ያስተምራሉ ሲሉ ሰምተን ነው የመጣን፤ እንግዲህ ይፍረዱን» አሉኝ።

እኔም ከመፍረዴ በፊት ሦስት ጥያቄዎች አቀረብሁላቸው። ምን ትጭናላችሁ? በየትኛው መንገድ? በየትኛው ወር? ሦስተኛው ጥያቄ ትንሽ አስገረማቸው። በጥርና በየካቲት እህልና በርበሬ ወደ ፍኖተ ሰላምና ወደ ቡሬ እንደሚያወጡ፣ በግንቦትና በሰኔ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር እንደሚያስገቡ ነገሩኝ። «በነሐሴስ?» አልኋቸው። እርስ በርሳቸው ተያዩና «በነሐሴ ሰው ካልታመመ በቀር አንንቀሳቀስም» አሉ።

የዛሬው ንግግሬ በሙሉ በዚህ መልስ ላይ የቆመ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ዓመቱን ሙሉ ጭነት የሚመላለስበት ሥራ አለ፤ በዓመት ውስጥ ጥቂት ቀን ብቻ የሚያጋጥም፣ ነገር ግን የሰው ሕይወት የሚንጠለጠልበት ጉዞም አለ። የፒክአፕ ምርጫ የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ እነዚህን ሁለቱን ባለመለየት ነው።

፩. «ከባድ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

በአማርኛችን «ከባድ መኪና» ሲባል ተሳቢ የሚጎትተውን ወይም ብዙ ኩንታል የሚጭነውን የጭነት መኪና እናስባለን። ስለ ፒክአፕ ስንነጋገር ግን ቃሉ አንጻራዊ ነው። በአገራችን «ቀላል» የሚባሉት በአብዛኛው እንደ ቶዮታ ሃይሉክስ፣ እንደ አይሱዙ ዲማክስ፣ እንደ ሚትሱቢሺ ኤል 200 ያሉት ናቸው። «ከባድ» የሚባለው ደግሞ በተለይ የላንድክሩዘር 70 ቤተሰብ የሆነው ፒክአፕ ነው። ሃይሉክስ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1968 ሲሆን የላንድክሩዘር 70 ቤተሰብ የወጣው በ1984 ነው።

በአሜሪካ አገር ሕጉ ቀላሉን ከከባዱ የሚለየው በጠቅላላ ክብደት ነው። ይኸውም የተሽከርካሪው፣ የሰውና የዕቃው ድምር 3,855 ኪሎ ግራም ገደማ ከደረሰ በኋላ «ከባድ» ይባላል። በዚህ መለኪያ ብንሄድ እኛ ከባድ የምንለው ላንድክሩዘር ፒክአፕ ራሱ ከቀላሎቹ ወገን ይመደባል። ስለዚህ ከስሙ ይልቅ አሠራሩን መመልከት ይበጃል።

ልዩነቱ በዋናነት በሦስት ቦታ ይገኛል። አንደኛው የፊት እግሩ ነው። በቀላሎቹ ፒክአፖች ሁለቱ የፊት ጎማዎች ለየብቻቸው ይንቀሳቀሳሉ፤ ይህም በአስፋልትና በደህና ጠጠር ላይ ምቾትና የተሻለ መሪ ይሰጣል። በላንድክሩዘሩ ግን ሁለቱ የፊት ጎማዎች በአንድ ወጥ አክስል የተያያዙ ናቸው። ምቾቱ ያንሳል፤ ድንጋይና ጉድጓድ ሲደበድበው ግን የሚላላና የሚበላ መገጣጠሚያው ጥቂት ነው። ሁለተኛው ሻንሲው ነው። የከባዱ ሻንሲ ወፍራም ስለሆነ ለዓመታት ሲጠማዘዝ ቢኖር የመሰንጠቅ ዕድሉ ያነሰ ነው። ሦስተኛው ሞተሩ ሲሆን ወደ እሱ ቆይቼ እመለሳለሁ።

ከኋላ በኩል ሁለቱም በባሌስትራ የቆሙ፣ ወጥ አክስል ያላቸው ናቸው። ሁለቱም አራቱን ጎማ በሚነዳ ስሪት ሲገዙ ለዳገትና ለጭቃ የሚያገለግል ተጨማሪ ዝቅተኛ ማርሽ አላቸው። ስለዚህ «ቀላሉ ገጠር አይገባም» የሚለው አነጋገር ትክክል አይደለም። ሁለቱም ይገባሉ። ጥያቄው ስንት ዓመት ይገባሉ፣ በምን ወጪ ይገባሉ የሚለው ነው።

፪. ጭነቱ፦ ብዙዎቻችን የምንሳሳትበት ቦታ

አሁን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ከባዱ ፒክአፕ ከቀላሉ በስንት ኩንታል ይበልጣል? ይህን ጥያቄ በክፍል ውስጥ ስጠይቅ «በእጥፍ» የሚል መልስ እሰማለሁ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ቀላሉ ባዶውን ወደ 2 ቶን ሲመዝን የተፈቀደለት ጠቅላላ ክብደት ወደ 3 ቶን ይጠጋል፤ ስለዚህ አቅሙ 1 ቶን፣ ማለትም 10 ኩንታል ገደማ ነው። ከባዱ ራሱ ክብደት ስላለው፣ ጠቅላላ ክብደቱ ከፍ ያለ ቢሆንም፣ የሚተርፈው የመጫን አቅም እንደ ስሪቱ ከ11 እስከ 12 ኩንታል ቢሆን ነው። ትክክለኛውን ቁጥር ከእኔ ሳይሆን በበሩ አጠገብ ከተለጠፈው ሰሌዳና ከመመሪያ መጽሐፉ አንብቡ።

በዚህ ቁጥር ውስጥ ሰውም እንደሚቆጠር አትርሱ። ደብል ጋቢና ፒክአፕ ላይ አምስት ጎልማሶች ሲቀመጡ፣ አንዱ በአማካይ 65 ኪሎ ቢመዝን፣ ከ3 ኩንታል በላይ በጋቢናው ውስጥ አለቀ ማለት ነው። ከኋላ የሚጫነው ከ7 ኩንታል አይበልጥም። እኛ ግን በገበያ ቀን አምስት ሰው በጋቢና፣ 15 ኩንታል በካሶኒ፣ በላዩም ስድስት ሰባት ሰው ተሳፍሮ እናያለን።

ወደ ማኅበሩ ልመለስ። 100 ኩንታል በቆሎ ከቀበሌው ወደ ፍኖተ ሰላም ማውጣት አለባቸው እንበል። ቀላሉ ሾፌሩንና አንድ ረዳት ይዞ 9 ኩንታል ቢጭን 12 ጊዜ ይመላለሳል። ከባዱ 11 ኩንታል ቢጭን 10 ጊዜ ይመላለሳል። 40 ኩንታል የሚጭን አንድ አይሱዙ ግን በ3 ጊዜ ይጨርሰዋል። በሁለቱ ፒክአፖች መካከል ያለው ልዩነት ሁለት ምልልስ ብቻ ነው። ስለዚህ «እህል ስለምናወጣ ከባዱን እንግዛ» የሚለው ምክንያት በሒሳብ አይቆምም። እህል ለማውጣት የሚያስፈልገው የጭነት መኪና ነው፤ እሱም በመከር ወቅት ተከራይቶ ይመለሳል።

ከአቅም በላይ መጫን ምን እንደሚያመጣም ላስረዳ። የደብል ጋቢና ካሶኒ አጭር ስለሆነ የጭነቱ አብላጫ ክፍል ከኋላ አክስል በስተጀርባ ያርፋል። ነገሩ ሚዛን እንደማንሣት ነው፤ ከአክስሉ በስተኋላ ያለው ሲከብድ ከፊት ያለው ይነሣል። የፊት ጎማዎች መሬቱን በሚገባ ስለማይጨብጡ መሪው ቀለል ይላል፣ ፍሬኑም ይደክማል። ያን ጊዜ ሻንሲው በጋቢናውና በካሶኒው መካከል ይታጠፋል። ብዙ ያገለገሉ ፒክአፖችን ከጎን ሆናችሁ ብትመለከቱ ካሶኒው ወደ ኋላ አጎንብሶ ከጋቢናው ጋር መስመሩ የተዛባውን ታገኛላችሁ። ያ ተሽከርካሪ ታሪኩን ራሱ እየነገራችሁ ነው።

፫. ጭቃው፦ ክብደት ወዳጅ የማይሆንበት ወር

የምዕራብ ጎጃም መሬት አንድ ዓይነት አይደለም። ከደምበጫ በፍኖተ ሰላም አድርጎ ወደ ቡሬ የሚያልፈው አስፋልት ለማንኛውም ፒክአፕ የተመቸ ነው። ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ የሚነሡት የጠጠር መንገዶች በ2003 ዓ.ም. ከተጀመረው የሁለንተናዊ ገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ወዲህ ጨምረዋል። ከእነዚያ ወጥተን ወደ ቀበሌ ስንገባ ግን መንገዱ አፈሩ ራሱ ነው። ቀይ አፈር በሆነበት ቦታ ዝናብ ሲዘንብ ያንሸራትታል፤ ዝናቡ ሲያባራ ግን ቶሎ ይጠነክራል። ዋልካ በሆነበት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ዋልካ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ጥንካሬውን ያጣል፣ ከጎማ ጋር ይጣበቃል፤ በበጋ ደግሞ እየተሰነጠቀ ይደርቃል።

ከዓመታት በፊት በነሐሴ ወር ለመስክ ሥራ ከተማሪዎች ጋር ወደ ወምበርማ አቅጣጫ ስንጓዝ ሁለት ተሽከርካሪዎች ይዘን ነበር። ከፊት የሄደው ከባዱ ነበር፤ «እሱ ካለፈ እኛም እናልፋለን» ብለን። በአንድ የዋልካ ሜዳ ላይ ከባዱ እስከ አክስሉ ሰመጠ። ከኋላ የነበረው ቀላሉ በጎን በኩል ሣሩን ይዞ ተሻገረና በገመድ ጎትቶ አወጣው። ተማሪዎቹ ሳቁ፤ እኔ ግን የዕለቱን ትምህርት በነጻ አገኘሁ።

ምክንያቱ ይህ ነው። ጎማ መሬትን የሚጫነው በውስጡ ካለው የአየር ግፊት ጋር በሚቀራረብ ግፊት ነው። 3 ቶን የሚመዝን ተሽከርካሪ እያንዳንዱ ጎማው 750 ኪሎ ይሸከማል። በጎማው ውስጥ ያለው አየር 32 ፒ.ኤስ.አይ. ገደማ ከሆነ መሬቱን የሚነካው የጎማ ክፍል የአንድ ተራ ደብተር ገጽ ያህል ብቻ ነው። አየሩን ወደ 19 ቢያወርዱት ያ ስፋት ወደ ሁለት ገጽ ይጠጋል፤ መስመጡም ይቀንሳል። በተቃራኒው ክብደት ሲጨመር፣ ጎማው ሲጠብና አየሩ ሲጠነክር መስመጡ ይብሳል። ላንድክሩዘር ፒክአፕ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በጠባብ ጎማ ነው። ጠባብ ጎማ ከላይ ስስ ጭቃ፣ ከሥር ጠንካራ መሬት ባለበት ጭቃውን ሰንጥቆ ስለሚቆም ጥሩ ነው። ከሥሩ ጠንካራ መሬት በሌለው ዋልካ ላይ ግን ያንኑ እየሰነጠቀ ወደ ታች ይሄዳል።

እንግዲህ በነሐሴ ወር ለዋልካ የሚረዳው የተሽከርካሪው ስም ሳይሆን አራት ነገሮች ናቸው፦ ጥርሱ ያላለቀ የጭቃ ጎማ፣ ጭነት ማቃለል፣ አየር ማውረድና በእርጋታ መንዳት። አየር ያወረደ ሰው በእግር ጉዞ ፍጥነት ብቻ መንዳት፣ ወደ ጠጠሩ ሲወጣም በፓምፕ መልሶ መንፋት ይኖርበታል፤ ያለዚያ ጎማው ይበላሻል። አካፋ፣ ጠንካራ ገመድና ሁለት ጣውላም ከመኪናው ላይ አይጥፉ።

፬. ከፍታውና ቁልቁለቱ

የሞተሩን ነገር ቆይቼ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር፣ ቡሬ ደግሞ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። ወደ ሰከላና ወደ ደጋ ዳሞት ስንወጣ ከፍታው ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። አየር በ2,000 ሜትር ላይ ከባሕር ወለሉ ጋር ሲነጻጸር በ18 ከመቶ ገደማ፣ በ3,000 ሜትር ላይ ደግሞ በሩብ ያህል ይሳሳል። ሞተር ናፍታን የሚያቃጥለው በአየር ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱ አብሮ ይቀንሳል።

በአገራችን በብዛት የሚታየው የላንድክሩዘር ፒክአፕ ባለ 4.2 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ቱርቦ የሌለው የናፍታ ሞተር አለው። በባሕር ወለል ላይ ጉልበቱ 130 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው። በፈረስ ቤት ዳገት ላይ ግን በግምት ከ100 በታች ይወርዳል። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው የሃይሉክስ ትውልድ ግን በ2.4 ሊትር ሞተር ብቻ 150 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። ቱርቦው አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ በከፍታ ላይ የሚያጣው ጉልበት አነስተኛ ነው። ስለዚህ ዳገት ላይ «ትንሹ» ሞተር «ትልቁን» ሲቀድም ብታዩ አትደነቁ። በቅርብ ዓመታት የወጡ ላንድክሩዘሮችም ባለ ቱርቦ ሞተር መያዝ ጀምረዋል።

ዳገት የወጣ ሁሉ ይወርዳል። ከቡሬ ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ ወደ ዓባይ ሸለቆ ስንወርድ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ እንቀንሳለን። 3.2 ቶን የሚመዝን ተሽከርካሪ 1,000 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ወደ 31 ሚሊዮን ጁል ነው። ይህ ሙቀት በሙሉ ወደ ፍሬኑ ቢገባ፣ 90 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃ ነበር። ፍሬናችሁ ይህን ሊሸከም አይችልም፤ ይግላል፣ ከዚያም አይዝም። ስለዚህ በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ፤ ሞተሩ ራሱ ይያዝላችሁ። እዚህ ላይ ትልቁ 4.2 ሊትር ሞተር በዝቅተኛ ማርሽ ጥሩ አድርጎ ይይዛል፤ ይህ ከመልካም ጎኖቹ አንዱ ነው። 10 ኩንታል የሚጫንበት ፒክአፕ ላይ 15 ኩንታል የጫነ ሰው ግን ምንም ዓይነት ፒክአፕ ቢይዝ ከሸለቆው አፍ ላይ ቆሞ ማሰብ ይገባዋል።

፭. ነዳጁና ጋራዡ

ከባዱ እስካሁን ድረስ በጭነትም በዳገትም ብዙ ብልጫ አላሳየም። ታዲያ ለምን ይወደዳል? መልሱ እዚህ ነው፤ ለከባዱም ፍርድ ማጉደል አልፈልግም።

የአዲሶቹ ቀላል ፒክአፖች ሞተር ናፍታውን ከ1,500 ባር በሚበልጥ ግፊት የሚረጭና በኮምፒውተር የሚታዘዝ ነው። በዚህ ምክንያት ነዳጅ ይቆጥባል፣ ጉልበትም ይሰጣል። ነገር ግን የኢንጀክተሮቹ ክፍተት እጅግ ጠባብ ስለሆነ ውኃና ቆሻሻ ያለበት ናፍታ ቶሎ ይጎዳቸዋል። ከበርሜልና ከጀሪካን የሚቀዳ ናፍታ ደግሞ ውኃና ዝገት ይዞ ይመጣል። የአሮጌው 4.2 ሊትር ሞተር የናፍታ ፓምፕ ሜካኒካል ነው፤ ዝቅ ባለ ግፊት ስለሚሠራ ቆሻሻን የበለጠ ይታገሣል፣ ሲበላሽም መፍቻ የያዘ ልምድ ያለው መካኒክ በዛፍ ጥላ ሥር ሊጠግነው ይችላል። ቀላሉ ግን የብልሽት መብራት ሲያበራ ምርመራው መሣሪያ ይፈልጋል፤ መሣሪያው በአቅራቢያ ከሌለ እስከ ባሕር ዳር ወይም እስከ አዲስ አበባ ድረስ ጭኖ መውሰድ ሊመጣ ይችላል።

በዚህ ላይ የፊት እግሩ ይጨመርበታል። ዓመቱን ሙሉ በድንጋያማ የቀበሌ መንገድ የሚሠራ ቀላል ፒክአፕ የፊት መገጣጠሚያዎቹን፣ ኩሽኔታዎቹንና አሞርዛተሮቹን ቶሎ ቶሎ ይለውጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ዋጋ ምን ያህል እንደናረ ከእናንተ የተሰወረ አይደለም። ስለዚህ የከባዱ ትክክለኛ ዋጋ በመታገሡ ላይ ነው፦ በአስቸጋሪ መንገድ፣ በአስቸጋሪ ነዳጅ፣ ከጋራዥ ርቆ ለረጅም ዓመት ማገልገሉ።

ቀላሉን የገዛ ሰው ይህን ጉድለት በጥንቃቄ ሊያጠብበው ይችላል። ናፍታ ከማደያ ይቅዳ፤ ግድ ሆኖ ከበርሜል ከቀዳ በጨርቅ ሳይሆን ውኃ በሚለይ ማጣሪያ ያሳልፈው። የናፍታ ፊልትሮውን መጽሐፉ ካዘዘው ጊዜ አስቀድሞ ይለውጥ፤ ከፊልትሮው ሥር የሚጠራቀመውን ውኃ በየጊዜው ያፍስስ።

፮. ሒሳቡ

የነዳጁን ወጪ በምሳሌ እንመልከት። በዓመት 20,000 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው፣ ቀላሉ በ100 ኪሎ ሜትር 9 ሊትር፣ ከባዱ 13 ሊትር ቢፈጁ፣ አንደኛው 1,800፣ ሌላው 2,600 ሊትር ያወጣል። ልዩነቱ በዓመት 800 ሊትር ነው። ይህን በዕለቱ የናፍታ ዋጋ አባዙት። ከዚያም በሁለቱ የግዢ ዋጋ መካከል ያለውን ልዩነት ደምሩበት። በሌላ ወገን ለቀላሉ በየዓመቱ ተጨማሪ የምታወጡትን የመለዋወጫ ወጪ፣ በጋራዥ የሚቆምበትንም ቀን ጻፉ። ሁለቱን ዓምዶች ጎን ለጎን ስታዩ ውሳኔው ብዙ ጊዜ ራሱ ይናገራል። ከወረቀቱ ላይ የማይገባ አንድ ነገር ብቻ አለ፤ እሱም «ከብዶ መታየት» ነው። በአገራችን ላንድክሩዘር የሥልጣንና የሀብት ምልክት ሆኗል። ለራሱ ገንዘብ ለራሱ ክብር የሚገዛን ሰው አልከለክልም። የማኅበር ገንዘብ ግን የብዙ ሰው ላብ ነውና ለመታየት ሊወጣ አይገባውም።

፯. እንግዲህ ማን የትኛውን ይምረጥ?

ሥራው በአብዛኛው በአስፋልትና በጠጠር ላይ የሆነ ነጋዴ፣ ለቡሬ ፋብሪካዎችና ለአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ግብዓት የሚያሰባስብ ሰው፣ ወተት ወይም አትክልት የሚያመላልስ ሰው ቀላሉን ይምረጥ። ሰው ማብዛት የማያስፈልገው ከሆነ ሲንግል ጋቢናው ይሻላል፤ ካሶኒው ረጅም ስለሆነ ጭነቱ በአክስሉ ላይ የተሻለ ያርፋል።

ዓመቱን ሙሉ፣ ክረምት ከበጋ ሳይል፣ ወደ ደጋ ዳሞት፣ ወደ ቋሪትና ወደ ሰከላ ቀበሌዎች የሚገባ የጤና፣ የውኃ ወይም የግብርና ጽሕፈት ቤት፣ እንዲሁም ከጋራዥ ርቆ ለወራት የሚሠራ የግንባታ ቡድን ከባዱን ቢይዝ ትክክል ነው። ለእነዚህ መታገሡ ከምቾቱም ከነዳጁም ይበልጣል።

ያገለገለ ለመግዛት የምታስቡ ደግሞ ቀላልም ይሁን ከባድ ይህን ሳታዩ ገንዘብ አትክፈሉ። ከጋቢናው ጀርባ ሻንሲው ላይ የብየዳ ምልክት አለ ወይ? ባሌስትራ ተጨምሮበታል ወይ? አራቱም ጎማ ይነዳል ወይ፣ ዝቅተኛው ማርሽስ ይገባል ወይ? የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ይስማማል ወይ? በጠዋት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ሄዳችሁ አስነሡት፤ የሞቀ ሞተር ብዙ ይደብቃል።

የሽማግሌዎቹን ነገር ልጨርስ። ቀላሉን ገዙ። ለከባዱ ሊወጣ የነበረውን ትርፍ ገንዘብ በሦስት ከፈሉት። ከፊሉ ለጭቃ ጎማና ለመለዋወጫ ሆነ፤ ከፊሉ በመከር ጊዜ ለአይሱዙ ኪራይ ተቀመጠ። የቀረውን ግን እኔም ባላሰብሁት ነገር ላይ አዋሉት። ከቀበሌው ወደ ጠጠሩ በሚያወጣው መንገድ ላይ በየክረምቱ የሚዘጋ አንድ የዋልካ ቦታ ነበራቸው፤ ጉልበት ከአባላቱ፣ ድንጋይ ከወንዙ፣ የማጓጓዣውን ወጪ ከዚያ ገንዘብ አድርገው ውኃው የሚያልፍበት ቱቦ ቀብረው መንገዱን በድንጋይ ሞሉት።

ነገሩ ሁሉ አማረ ብዬ አልዋሽም። በሁለተኛው ክረምት ከዚያ ቦታ አልፎ ባለ ሌላ ረግረግ ላይ መኪናው ተያዘና አንዲት ምጥ የያዛት እናት ቀሪውን መንገድ በቃሬዛ ወጣች። በሰላም ተገላገለች። ሽማግሌው ይህን በስልክ ሲነግሩኝ «ከባዱን ገዝተን ቢሆን ያልፍ ነበር ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም «ምናልባት፤ ግን በወምበርማ የሰመጠውን አይቻለሁ» አልኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው «እንግዲያው ያንንም ቦታ እንሞላዋለን» አሉ።

የምናገረው ይኸው ነው። ፍኖተ ሰላም በግዕዝ «የሰላም መንገድ» ማለት ነው፤ ስሙ ራሱ መንገድን ያስቀድማል። ተሽከርካሪ ስንመርጥም አስቀድመን መንገዱን፣ ወሩንና ጭነቱን እናስብ።

ከታዳሚዎች ከቀረቡ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ባሌስትራ በማስጨመር የቀላሉን አቅም ከፍ ማድረግ አይቻልም?

መልስ፦ ባሌስትራ ሲጨመር ካሶኒው አይጎነብስም፤ ዓይንም ይታለላል። ነገር ግን አክስሉ፣ ኩሽኔታው፣ ፍሬኑ፣ ጎማውና ሻንሲው ያው የቀድሞዎቹ ናቸው። የደከመን አህያ ኮርቻ ብንለውጥለት ጭነቱ አይቀልለትም። በተፈቀደው አቅም ውስጥ ሆኖ የደከመን ባሌስትራ መተካት ግን ተገቢ ነው።

ጥያቄ፦ አምቡላንሶች ብዙውን ጊዜ ላንድክሩዘር የሆኑት እንዲሁ በልማድ ነው?

መልስ፦ አይደለም። አምቡላንስ ብዙ ኩንታል አይጭንም፤ ሥራው ግን በማንኛውም ወር፣ በማንኛውም ሰዓት ነው። ከጋራዥ ርቆ ይሠራል፤ ቢቆም ደግሞ የሰው ሕይወት ነው። አስቀድሜ የዘረዘርሁት የከባዱ ምክንያት ሁሉ እዚያ ላይ ይገናኛል። ለአምቡላንስ ትክክል የሆነው ግን በቆሎ ለሚያወጣ ማኅበርም ትክክል ነው ማለት አይደለም።

ጥያቄ፦ መንግሥት ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ወስኗል። ስለ ኤሌክትሪክ ፒክአፕ ምን ይላሉ?

መልስ፦ ሦስት ነገር ተመልከቱ። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አያቃጥልም፤ ስለዚህ ከፍታ ጉልበቱን አይነካውም። ቁልቁለት ሲወርድም ከጉልበቱ ከፊሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል። እነዚህ ለአገራችን መልክዓ ምድር ትልቅ ጥቅሞች ናቸው። በሌላ ወገን ባትሪው ከባድ ነው፤ ክብደት በዋልካ ላይ ምን እንደሚያደርግ ተናግሬአለሁ። ከሁሉ በላይ ግን ማታ የሚሞላበት አስተማማኝ መብራት ያስፈልገዋል። ከከተማ ተነሥቶ ከተማ ለሚያድር ሰው ሊታሰብ ይችላል። መብራት በሌለበት ቀበሌ ለሚያድር ሰው ግን ጊዜው ገና ነው።